በአያት ሐረግ ወይስ በነዋሪነት ዘመን? የውጭ ዜግነት ለማመልከት ላሰቡ የድሬዳዋና የሐረር ቤተሰቦች የንጽጽር መመሪያ

የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ከተማዋ ፈረንሳዮችን፣ ግሪኮችን፣ አርመኖችን፣ ጣሊያኖችን፣ የመኖችንና ሕንዶችን ስታስተናግድ ኖራለች፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ቤት ሠርተው፣ ከአገሬው ተጋብተው ወይም ሳይጋቡ ወልደው ቀርተዋል። ሐረር በበኩሏ ልጆቿን ወደ ቶሮንቶ፣ ወደ ሜልበርንና ወደ ጅዳ ስትሸኝ የኖረች ከተማ ናት። በዚህም ምክንያት የውጭ ዜግነት ጉዳይ በአካባቢያችን በሁለት ዓይነት ሰው አንደበት ይነሣል። አንደኛው «አያቴ ጣሊያናዊ ነበር፤ እኔስ ምን መብት አለኝ?» ሲል፣ ሁለተኛው «ግሪን ካርድ ካገኘሁ ዓመታት ሆኑ፤ ዜግነቱን ልውሰድ ወይስ ልተወው?» ይላል።

ንጽጽሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው «የትኛው አገር ይሻላል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። በእኔ አስተያየት መነሻው ይህ መሆን የለበትም። የዘር ሐረግ መንገድ ወረቀት ይጠይቃል፤ የነዋሪነት መንገድ ቀን ይጠይቃል። ወረቀት የሌለው ሰው ዘሩ የቱንም ያህል እርግጥ ቢሆን በመጀመሪያው አይሄድም፤ ቀኑን በውጭ አገር መቁጠር የማይችል ሰው ደግሞ ገንዘብ ቢኖረውም ሁለተኛው አይሆንለትም። ሁለቱም መንገዶች መጨረሻቸው ላይ አንድ የኢትዮጵያ ሕግ አንቀጽ ይጠብቃቸዋል፤ እርሱን ሳያነቡ ማነጻጸር የዕቃውን ዋጋ ሳይጠይቁ ተሸክሞ እንደመውጣት ነው።

በኢትዮጵያ በኩል የሚቀረው

የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። አንቀጽ 20 በመጀመሪያው ንኡስ አንቀጹ፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ይህ ነዋሪነቱን መሠረት አድርጎ ማመልከቻ ያስገባውን፣ ፈተና የተፈተነውንና ቃለ መሐላ የፈጸመውን ሰው በቀጥታ ስለሚመለከት የሚያከራክር ነገር የለውም።

በዘር ሐረግ የሚያመለክተው ሰው ጉዳይ ግን ጠጋ ብሎ ማየትን ይጠይቃል። ጣሊያንን የመሰሉ አገሮች በደም የሚተላለፍ ዜግነትን እንደ አዲስ ስጦታ አያዩትም፤ ሰውየው ከልደቱ ጀምሮ ዜጋ እንደነበረ ቆጥረው ያንን ብቻ ያውቁለታል። አመልካቹም ከዚህ ተነሥቶ «እኔ አዲስ ዜግነት አልወሰድሁም፤ ስለዚህ የኢትዮጵያው አይነካብኝም» ብሎ ሲያስብ ይስተዋላል። አዋጁ ይህን በር ክፍት አልተወውም። በንኡስ አንቀጽ 2 መሠረት የውጭ ዜግነት ካለው ወላጅ በመወለዱ ወይም በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ የኢትዮጵያውን ለማስቀረት መምረጡን ካላስታወቀ፣ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ከዚህ ውጭ በሆነ ምክንያት፣ ራሱ ሳይጠይቅ በሕግ ኃይል ዜግነት የደረሰው ሰውም ቢሆን በዚያ ዜግነት መብቶች መገልገል ከጀመረ ውጤቱ ያው ነው። እንግዲህ «በዘር ከሆነ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል» የሚለው ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ወሬ የሕግ መሠረት የለውም። የተቀባዩ አገር ሕግ ጥምር ዜግነትን መፍቀዱም የእኛን ሕግ አያስገድደውም።

መመለሻው ጨርሶ አልተዘጋም። በአንቀጽ 22 መሠረት ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ መደበኛ መኖሪያውን በኢትዮጵያ ካደረገ፣ የውጭ ዜግነቱን ከተወና ካመለከተ የኢትዮጵያ ዜግነቱን መልሶ ያገኛል። ሦስቱም መሟላት ስላለባቸው ግን ይህ አንቀጽ ጠቅልሎ ለሚመለስ ሰው እንጂ ለሚመላለስ ሰው የተጻፈ አይደለም።

የዘር ሐረግ፦ ደም ብቻውን አይበቃም

በድሬዳዋ በዘር ሐረግ ስለማመልከት ሲወራ በብዛት የሚነሣው ጣሊያን ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ጣሊያን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በትውልድ ቁጥር ገደብ አላበጀችም ነበር፤ ቅድመ አያቱ ጣሊያናዊ መሆኑን በሰነድ ያስረዳ ሁሉ ሊያመለክት ይችል ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በወጣው ድንጋጌና በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ ባጸደቀው ሕግ ቁጥር 74 ተለውጧል። አሁን ከጣሊያን ውጭ የተወለደና ሌላ ዜግነት ያለው ሰው በመርሕ ደረጃ ከሁለት ነገሮች አንዱን ማሳየት አለበት፦ ወይ ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ አንዱ የጣሊያን ዜግነት ብቻ ያለው፣ ከሞተም እስከ ሞቱ ድረስ ያንን ብቻ ይዞ የቆየ መሆኑን፤ ወይ ደግሞ ወላጁ የጣሊያን ዜግነት ካገኘ በኋላና አመልካቹ ከመወለዱ በፊት ቢያንስ 2 ተከታታይ ዓመታት በጣሊያን መኖሩን።

ይህ ለአንድ የድሬዳዋ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። ጣሊያናዊው ሰው ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ ቀርቶ፣ መካኒክ ሆኖ ሠርቶ፣ ሌላ ዜግነት ሳይወስድ ሞተ እንበል። ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደችው ልጁ በወላጇ በኩል ትገባለች። የእርሷ ልጆችም፣ እናታቸው ሁለቱንም ዜግነት ያጣመረች ብትሆን እንኳ፣ አያታቸው ጣሊያናዊ ብቻ ስለነበሩ በአያት በኩል ይገባሉ። የልጅ ልጆቿ ግን ወላጃቸው ጣሊያን ሄዶ ካልኖረ በቀር ከአዲሱ መስመር ውጭ ናቸው። ቀድሞ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ማኅደር ያመለክት ነበር፤ ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች የተለያየ መልስ ያገኛሉ።

ከትውልዱ ቁጥር ይልቅ ብዙ የአካባቢያችንን ሰው የሚያሰናክለው ግን ሌላ ነጥብ ነው። ጣሊያንም ፈረንሳይም የሚጠይቁት በሕግ የታወቀ ልጅነትን እንጂ የሥጋ ልደትን ብቻ አይደለም፤ ያም ልጅነት ልጁ ለአካለ መጠን ሳይደርስ መታወቅ አለበት። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው ሕግ ቁጥር 822 ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት እናት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ ከልክሎ ነበር። ሕጉ ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 ቢሻርም በዚያ ጊዜ የተወለዱት ልጆች ብዙዎቹ የአባታቸው ስም ያለበት ሰነድ ሳይኖራቸው አደጉ። አባትየው በኋላ ዘመን ሄዶ ካስመዘገበ ሐረጉ ይቀጥላል። ካላስመዘገበ ግን መልክም፣ የጎረቤት ምስክርነትም፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍም ብቻቸውን አይበቁም። በጣሊያን ሕግ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ አባትነቱ በፍርድ ቤት የተረጋገጠለት ሰው በ1 ዓመት ውስጥ የጣሊያንን ዜግነት እንደሚመርጥ ማስታወቅ ይችላል። ይህ ጠባብ በር ነው፤ የሚያስኬደውም አባትነቱ ገና ሊረጋገጥለት የሚችልን ሰው እንጂ ከሁለት ትውልድ በኋላ የመጣውን አይደለም።

በሴት በኩል የሚመጣ ሐረግም የራሱ ቀን አለው። በጣሊያን የአስተዳደር አሠራር እናት ዜግነቷን ለልጇ ታስተላልፋለች የሚባለው ልጁ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1948 ወዲህ ከተወለደ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው ጉዳዩን ወደ ጣሊያን ፍርድ ቤት ማቅረብ ነበረበት። በግሪክ ደግሞ መስመሩ እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1984 ነው፤ ከዚያ በፊት ከግሪካዊት እናት የተወለደ ሰው ዜግነቱን የሚያገኘው በራሱ መግለጫ ነው።

የግሪክ ጉዳይ በጠቅላላው በአንድ መዝገብ ላይ ይንጠለጠላል። ግሪካዊው አባት ወይም አያት በተወለደበት ማዘጋጃ ቤት የቤተሰብ መዝገብ ወይም በወንዶች መዝገብ ላይ ከተገኘ ቀሪው ልደትንና ጋብቻን በቅደም ተከተል ማያያዝ ነው። ካልተገኘ ሥራው አድካሚ ይሆናል። ወንዶች አመልካቾች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል፦ በግሪክ ወንድ ዜጋ የውትድርና ግዴታ አለበት። በውጭ አገር በቋሚነት የሚኖር ሰው ማዘግየት ቢችልም አቴንስ ሄዶ መኖር ለሚፈልግ የ20 ዓመት ወጣት ይህ ዝርዝር ጉዳይ አይደለም። በአርመንም ተመሳሳይ ግዴታ አለ።

አርመን በሌላ በኩል ከሁሉም ይልቅ ለዘር የምታደላ ናት። የአርመን ተወላጅ የሆነ ሰው ለሌሎች የተደነገገውን የ3 ዓመት ነዋሪነትና የቋንቋ ፈተና ሳይጠየቅ በቀላሉ ማመልከት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮም አገሪቱ ጥምር ዜግነትን ትቀበላለች። የአርመን ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ወረቀት እንኳ ለተወላጅነቱ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ፈረንሳይ ከወላጆቹ አንዱ ፈረንሳዊ የሆነን ልጅ ፈረንሳዊ ትለዋለች፤ የፍትሐ ብሔር ሕጓ ግን የመዘንጋት ደንብ አለው። ቤተሰቡ ከ50 ዓመት በላይ በውጭ አገር ከኖረና በዚያ ጊዜ ውስጥ አመልካቹም ሆነ ወላጁ እንደ ፈረንሳዊ ሆነው ካልታዩ፣ ማለትም ፓስፖርት ካላወጡ፣ በቆንስላ ካልተመዘገቡ፣ ሐረጉን ማስረዳት ራሱ ይከለከላል። በባቡር ኩባንያው ዘመን መጥተው የቀሩ ፈረንሳዮች ዘሮች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ከማመልከታቸው በፊት ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄም «አባቴ የፈረንሳይ ወረቀት ያወጣው መቼ ነበር?» የሚለው ነው።

የየመን ሐረግ በዋናነት በአባት በኩል የሚሄድ ሲሆን ዛሬ በአገሩ ካለው ጦርነት የተነሣ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ሕንድ ጥምር ዜግነትን አትፈቅድም፤ ለትውልደ ሕንዳውያን የምትሰጠው ካርድ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ከሚሰጠው ከእኛው ቢጫ ካርድ ጋር የሚመሳሰል እንጂ ዜግነት አይደለም።

አዲሱ የዘር ሐረግ ደግሞ ከአያት ሳይሆን ከዳያስፖራ ወላጅ የሚመጣው ነው። አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ አባት ወይም እናት ሐረር ላይ ከውጭ ዜጋ ልጅ ቢወልድ፣ ልጁ ሲወለድ አሜሪካዊ የሚሆነው ወላጁ ከልደቱ በፊት በድምሩ 5 ዓመት በአሜሪካ በአካል ከኖረና ከእነዚህም ቢያንስ 2ቱ 14 ዓመት ከሞላው በኋላ ከሆኑ ነው። ይህን ያላሟላ ወላጅ ልጁን በቋሚ ነዋሪነት ወስዶ ከ18 ዓመት በታች ሳለ አብሮት ቢኖር ልጁ በሕግ ኃይል ዜጋ ይሆናል። ካናዳ ለረጅም ጊዜ ከመጀመሪያው ትውልድ በኋላ ሐረጉን ትቆርጠው ነበር። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 15 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ራሱ ውጭ የተወለደ ካናዳዊ ወላጅ ከልጁ ልደት በፊት 1,095 ቀናት በካናዳ መኖሩን ካሳየ ዜግነቱ ለልጁ ይተላለፋል። የዘር ሐረጉ መንገድ እንኳ ወደ ቀን ቆጠራ እየዞረ መሆኑን አንባቢ ልብ ይላል።

የሣጥኑ ወረቀት

በዘር ሐረግ የሚቀርብ ማኅደር የሚወድቀው በሕጉ ጥልቀት ሳይሆን በአንድ ፊደል ልዩነት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የውጭ መዝጋቢ የሚፈልገው ያልተቋረጠ ሰንሰለት ነው፤ የአያት ልደት፣ የአያት ጋብቻ፣ የወላጅ ልደት፣ የወላጅ ጋብቻ፣ የአመልካች ልደት። የእኛ አገር የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ሥራውን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው የሚይዘው የልደት ምስክር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ዓመት በኋላ በቃል ወይም በምስክር የወጣ ነው። በ1940ዎቹ የተወለደ ሰው በ2012 ዓ.ም. የወጣ ምስክር ወረቀት ሲያቀርብ የኤምባሲው ሠራተኛ አስቀድሞ የሚያየው የተመዘገበበትን ቀን ነው፤ በዘመኑ የተጻፈ ሌላ ማስረጃም ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ድሬዳዋና ሐረር ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላቸው። የካቶሊክ ሚስዮን በሐረር ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የቆየ በመሆኑ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦቹ ከማንኛውም የቀበሌ ወረቀት ይቀድማሉ። የግሪክና የአርመን ቤተሰቦች የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ይኖራቸዋል። በእስልምና ሥርዓት የተጋቡ ቤተሰቦች የኒካህ ወረቀት፣ አለዚያም የሸሪዓ ፍርድ ቤት የወራሽነት ውሳኔ ይኖራቸው ይሆናል፤ የወራሽነት ውሳኔ የሟቹን ልጆች ስም በዝርዝር ስለሚይዝ እንደ ደጋፊ ማስረጃ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። የባቡር ኩባንያው የሠራተኛ ደብተርም የተወለደበትን አገርና ዜግነቱን ያሳያል፤ ልጅነትን ባያስረዳም ሰውየው በዚያ ዘመን የየት አገር ዜጋ እንደነበረ ያስረዳል። በውጭ ያለው ቁራጭ ደግሞ በውጭ ይፈለጋል። የፈረንሳዮች በውጭ አገር የተመዘገበ ልደትና ጋብቻ በናንት ከተማ በሚገኘው ማዕከላዊ መዝገብ ይገኛል፤ የጣሊያናዊው አያት የልደት ወረቀት በተወለደበት ማዘጋጃ ቤት ነው።

ስምና ቀን ለየብቻቸው ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። በእኛ ሥርዓት ልጅ የአባቱንና የአያቱን ስም ይከተላል እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአውሮፓ መዝጋቢ ግን አባትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም እንዲኖራቸው ይጠብቃል። አንድ መሐመድ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በፈረንሳይኛ በተጻፉ ሦስት ወረቀቶች ላይ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ቢኖረው ለእኛ አንድ ሰው፣ ለመዝጋቢው ሦስት ሰው ነው። ይህን ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በፍርድ ቤት ውሳኔ ማስተካከል ይሻላል፤ ከገባ በኋላ የሚመጣ ማስተካከያ ጥርጣሬን ይጋብዛል። የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት 7 ዓመት ሲሆን ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል፤ በግምት 8 እየቀነሰ ወይም እየጨመረ የሚተረጉም ሰው ልጁን ከወላጁ ጋብቻ አንድ ዓመት ያስቀድመዋል። በሂጅራ የተጻፉ የሐረር ወረቀቶች ሲጨመሩ አተረጓጎሙን ለሚያውቅ ሰው መስጠት ግድ ነው።

የኢትዮጵያ ሰነዶች በከተማው ወይም በክልሉ ከተረጋገጡ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም፣ ቀጥሎም በሚመለከተው አገር ኤምባሲ በኩል ስለሚያልፉ አዲስ አበባ መመላለስ አይቀርም። ከዚህ ላይ ክፍያው ይደመራል። ለምሳሌ የጣሊያን ቆንስላዎች እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ለአንድ አካለ መጠን ለደረሰ አመልካች 600 ዩሮ ያስከፍላሉ፤ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም ገንዘቡ አይመለስም። ከዚህ በፊት «ማኅደሩን እኔ እጨርሰዋለሁ» ለሚል ደላላ መክፈል የመጨረሻው ሳይሆን የመጀመሪያው ኪሳራ ነው፤ የጎደለውን የአባትነት ሰነድ ደላላ በሕጋዊ መንገድ ሊፈጥረው አይችልም።

ነዋሪነት፦ የቀን ሒሳብ

በነዋሪነት መንገድ የአያት ወረቀት አይጠየቅም። የሚጠየቀው በሕጋዊ ፈቃድ የተቆጠረ ጊዜ፣ ቋንቋ፣ ንጹሕ የወንጀል መዝገብና በአብዛኛው ገቢ ነው። አገሮቹ በዚህ በጣም ይለያያሉ። ካናዳ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ 1,095 ቀናት ብቻ ስለምትጠይቅ ከፈጣኖቹ አንዷ ናት ማለት ይቻላል። አውስትራሊያ 4 ዓመት ሕጋዊ ነዋሪነት ትጠይቃለች፤ የመጨረሻው 1 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት መሆን አለበት። አሜሪካ ቋሚ ነዋሪነት ከተገኘ በኋላ 5 ዓመት፣ ከዜጋ ጋር ተጋብቶ አብሮ ለሚኖር 3 ዓመት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ጊዜውን ወደ 5 ዓመት ዝቅ አድርጋ ጥምር ዜግነትንም ፈቅዳለች፤ ፈረንሳይም 5 ዓመት ብትጠይቅም እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ የቋንቋ ደረጃውን ወደ ቢ2 (ከመካከለኛ በላይ ወደሆነው ደረጃ) ከፍ አድርጋለች። ግሪክ 7 ዓመት ትላለች። ጣሊያን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ሰው 10 ዓመት ትጠይቃለች፤ ይህን ወደ 5 ለማውረድ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የተጠራው ሕዝበ ውሳኔ በቂ መራጭ ባለመውጣቱ ሳይጸድቅ ቀርቷል።

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። ወላጁ ወይም አያቱ በልደት የጣሊያን ዜጋ የነበረ ሰው ሐረጉ ለቀጥታ እውቅና ባይበቃ እንኳ በጣሊያን 2 ዓመት በሕጋዊ ነዋሪነት ከኖረ ማመልከት ይችላል። ለወጣት አመልካች ይህ ከ10 ዓመቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ልዩነት ስለሆነ፣ ለትምህርት አገር እየመረጠ ያለ የጣሊያናዊ የልጅ ልጅ ቢያስብበት መልካም ነው።

በነዋሪነት መንገድ ሰው የሚጎዳው በመቅረቱ ነው። በአሜሪካ ከ5ቱ ዓመታት ቢያንስ 30 ወራት በአካል መገኘት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ መቅረት ተከታታይነቱን ያጠራጥራል፤ 1 ዓመት መቅረት ይቆርጠዋል፣ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ያላወጣ ሰውም ግሪን ካርዱን ጭምር ለአደጋ ያጋልጣል። ለሸዋል ዒድ ሐረር መጥቶ፣ ከዚያ ሠርግ፣ ከዚያ የእናት ሕመም እያለ ክረምቱን የሚያሳልፍ ሰው ይህን ሒሳብ መያዝ አለበት። የመግቢያና የመውጫ ማኅተሞቹን በደብተር መዝግቦ ማቆየት ከማንኛውም ጠበቃ ምክር ይበልጣል።

ስለ ቋንቋ ፈተናው ለአዛውንቶች የሚጠቅም ነገር አለ። በአሜሪካ ዕድሜው 50 የሞላና 20 ዓመት፣ ወይም 55 የሞላና 15 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛ ፈተናው ነጻ ሆኖ የታሪክና የመንግሥት አስተዳደር ጥያቄዎችን በአስተርጓሚ በአማርኛ፣ በሐረሪ ወይም በኦሮምኛ መመለስ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ያመለከቱ ሰዎች የሚጠየቁት 20 ጥያቄ ሲሆን 12ቱን መመለስ ያስፈልጋል።

ስለ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ረጅም መጻፍ አያስፈልግም። በጅዳ ወይም በሪያድ በኢቃማ (በመኖሪያ ፈቃድ) ለ20 ዓመት መኖር በራሱ ወደ ዜግነት አያደርስም፤ ፈቃዱ ከሥራና ከአሠሪ ጋር የታሰረ ነው። እዚያ የሚኖር ሰው ስለ ዜግነት ሲያስብ ሊያነጻጽር የሚገባው ቀጣዩን አገር ነው።

ሦስተኛው ምርጫ፦ አለመውሰድ

ብዙ ጊዜ ሳይመዘን የሚታለፈው ምርጫ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ፣ የኢትዮጵያን ፓስፖርት ይዞ መቆየት ነው። አንቀጽ 20 ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድን አይነካም። ድሬዳዋ ላይ ቤት፣ የንግድ ፈቃድና ያልተጠናቀቀ ውርስ ላለው ሰው ይህ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ሚዛኑ የሚዞርባቸው ሁኔታዎች አሉ። በአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ እንጂ ለወላጆቹ ማመልከት አይችልም፤ ዕድሜው 21 የሞላ ዜጋ ግን እናትና አባቱን ማምጣት ይችላል። ስለዚህ እናቱን ለመውሰድ ያሰበ ሰውና ለራሱ ብቻ የሚያስብ ሰው አንድ ዓይነት ውሳኔ ላይ ሊደርሱ አይገባም። በአንጻሩ አሜሪካዊ መሆን የዕድሜ ልክ የግብር ግዴታ ያመጣል፤ አሜሪካ ዜጎቿን የትም ቢኖሩ ገቢያቸውን እንዲያሳውቁ ትጠይቃለች፤ ሐረር ተመልሶ ጡረታውን ለሚያሳልፍ ሰውም ግዴታው አይቆምም።

ወረቀቱ በእጁ ላለ የጣሊያናዊ ልጅ የዘር ሐረጉ ከነዋሪነቱ የሚሻልበት ዋና ምክንያት አገር ለቆ ዓመታት መቁጠር ስለማይጠበቅበት ነው። ወረቀቱ የጎደለው ሰው ግን ለአያት ፍለጋ ዓመታት ከሚያባክን፣ ዕድሜው ከፈቀደ፣ በትምህርት ወይም በሥራ በሕጋዊ መንገድ ሄዶ ቀኑን መቁጠር መጀመሩ ይበጀዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድም አይከለከልም፤ የሚከለከለው በሁለቱ ማኅደሮች ላይ የተለያየ የልደት ቀን ወይም የተለያየ የጋብቻ ሁኔታ መጻፍ ነው።

ቤትና ቢጫ ካርድ

የውጭ ዜግነት የወሰደ ሰው በኢትዮጵያ የውጭ ዜጋ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን የከለከለ ሲሆን በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ሕግ ይህን ክልከላ በቅድመ ሁኔታ አላልቶታል። ለትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን ከዚያ በፊትም የተሻለ መንገድ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 የደነገገው ቢጫ ካርድ ማለት ነው። ካርዱ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ ለነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ የውጭ ዜጋ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ትቶ የኤርትራን የወሰደ ሰው አይካተትም። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ የሥራ ፈቃድ አያስጠይቅም፣ በማይንቀሳቀስ ንብረትም ባለቤቱን እንደ ውጭ ዜጋ አያስቆጥርም። የማይሰጠው የመምረጥና የመመረጥ መብት፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች የመቀጠር መብት ነው።

በጀጎል ውስጥ ያለ የቤተሰብ ቤት ወይም በከዚራ ያለ የአባት ቤት ገና ያልተከፋፈለ ከሆነ የሥራው ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። አዲሱ ዜግነት ከመውጣቱ በፊት የወራሽነት ማረጋገጫውን ማውጣትና የስም ዝውውሩን መጨረስ ነገሩን ያቀላል፤ ይህ ካልተቻለ ቀጥሎ የሚሠራው ቢጫ ካርዱን አውጥቶ በእርሱ መቅረብ ነው። በውጭ የሚኖር ወራሽ ድሬዳዋ ላለ ወንድሙ ወይም እህቱ የሚልከው ውክልናም በየትኛው ፓስፖርትና በየትኛው የስም አጻጻፍ እንደተሰጠ ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ መሆን አለበት። አዲሱ ፓስፖርት ስሙን ያሳጠረበት ወይም የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም ያደረገበት ሰው፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከዚያው ከሚኖርበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ አውጥቶ ከውክልናው ጋር ቢልክ፣ ወንድሙ በሰነዶች ማረጋገጫ መስኮት ላይ ከመመለስ ይድናል።